የድርሻ ሀብትና የመውጫው በር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሁሉ የሐረጎን ጠመዝማዛ እስኪጨርስ ድረስ ወሬ እንደማያጣ ያውቃል። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ ከደጋ ተነሥቶ ቆላ ቀመስ ወደሆነው ሜዳ እስኪደርስ ድረስ የሰው ጆሮም የሰው ምላስም ሥራ አይፈታም። ባለፈው ሰሞን እኛም በዚሁ መንገድ በሚኒባስ ስንወርድ፥ ከኋላችን ከተቀመጡት ሁለት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንደኛው ለጓደኛው «ድርሻ ልገዛ ነው» ሲል ሰማን። ጓደኛውም «የምን ድርሻ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «የሕንጻ ነው እንጂ! አንድ ሕንጻ ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ይሸጣል፤ ኪራዩንም በየድርሻችን እንካፈላለን» አለው።

ከፊታችን ተቀምጠው ይህን ሁሉ በጸጥታ ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ያንተ ድርሻ የትኛው ነው? ጣራው ነው ወይስ በሩ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቱም እየሳቀ «የሁሉም ነው አባባ፤ ሁሉንም በጋራ ነው» ቢላቸው፥ «እንግዲያስ አብሽር፤ በሩ ካለበት ደግ ነው። በኋላ ልውጣ ስትል የምትወጣበት አታጣም» ብለው ፊታቸውን መለሱ።

እኛ ግን ኮምቦልቻ ወርደን ጉዳያችንን ከጨረስንም በኋላ የሽማግሌው ነገር ከሐሳባችን አልጠፋም። ዛሬ በከተሞቻችን ውስጥ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ወጣት ሁሉ ስለ ድርሻና ስለ አክሲዮን ሲነጋገር እንሰማለን። ስለ መግቢያው የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለ መውጫው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ጉዳዩን ከመነሻው ጀምረን ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው ፈቀድን።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንረዳ። ሀብት ሁለት ዓይነት ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። አንደኛው ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት ወደ ገንዘብ ሊለውጠው የሚችል ነው፤ ለምሳሌ አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም አንድ በግ ገበያ ወጥቶ በዚያው ቀን ይሸጣል። ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ትልቅ ሆኖ፥ ቶሎ ወደ ገንዘብ የማይለወጥ ነው። ሕንጻ፥ መጋዘን፥ ወፍጮ፥ የጭነት መኪና፥ ሆቴል ከዚህ ወገን ናቸው። ግማሹን ፎቅ አፍርሶ ወደ ገበያ የሚወስድ የለም። እንዲህ ያለውን ሀብት አንድ ሰው ብቻውን መግዛት ስለማይችል፥ ብዙ ሰዎች ዋጋውን ተከፋፍለው ባለቤትነቱን በድርሻ ይይዙታል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህንንም እንደ አዲስ ነገር የሚያየው ሰው ቢኖር የአባቶቹን ኑሮ የረሳ ሰው ነው። በወሎ ገጠር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ምን ያደርጋል? ሌላ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ የተባለው ይኸው ነው። ጥማዱ የሁለቱ ነው፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርስ አስቀድመው ይነጋገራሉ፤ እርሻው ሲያልቅም እያንዳንዱ በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲሁም አንዱ ላም ገዝቶ ሌላው እያረባ ልጇን የሚካፈሉበት ውል አለ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰንጋ ይገዙና በቅርጫ ይካፈሉታል።

ሦስቱን ብናስተያያቸው ግን አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ቅርጫ ጠብ የማያመጣው ድርሻው በዚያው ቀን ተቆርጦ ስለሚሰጥ ነው። መቀናጆም የሚጸናው መጨረሻው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ሕንጻ ግን እንደ ሰንጋ በአንድ ጧት አይታረድም፤ እንደ በሬም እርሻ ሲያልቅ ወደየቤቱ አይነዳም። ዓመት በዓመት እየቆየ፥ እየተጠበቀና እየተጠገነ የሚኖር ሀብት ነው። ስለዚህ በቅርጫ ልማድ ሕንጻ እንግዛ ያለ ሰው፥ ከስምምነት ይልቅ ክርክርን ይገዛል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ በምትባለው ከተማ፥ በወንዝ ኃይል የሚሠሩ ባዛክል የተባሉ የእህል ወፍጮዎች ነበሩ። የነዚህ ወፍጮዎች ባለቤቶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1372 ዓ.ም. ሀብታቸውን በአንድነት ቀላቅለው በድርሻ ያዙት። በየዓመቱ ጉባኤ ያደርጋሉ፤ አስተዳዳሪዎች ይመርጣሉ፤ ሒሳቡን ይመረምራሉ፤ ትርፉን በየድርሻቸው ይካፈላሉ። ድርሻውን መሸጥ የፈለገ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ወፍጮው ግን መፍጨቱን አያቆምም። ማኅበሩ ዘመኑ ሲለወጥ ኤሌክትሪክ ወደ ማመንጨት ተሸጋግሮ፥ በ1946 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረ። እንግሊዞችም የአንድን መርከብ ባለቤትነት በ64 ድርሻ ከፍለው የመመዝገብ የቆየ ልማድ አላቸው። መርከቡ ቢሰጥም እያንዳንዱ የሚያጣው ድርሻውን ብቻ እንጂ ኑሮውን በሙሉ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የታሪኩ መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። የንግድ ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ አክሲዮን ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር። በዚያው ዐሥር ዓመት ማለቂያ ገደማም የአክሲዮን መሸጫና መግዣ ቡድን በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሞ ይሠራ ነበር። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች፥ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችም በመንግሥት ሲወረሱ ያ ሁሉ ተቋረጠ። እንደገና ነፍስ የዘራው በ1987 ዓ.ም. እንደ አዋሽ ባንክ ያሉ የግል ባንኮች ሲቋቋሙ ነው። አዋሽ ባንክን የመሠረቱት 486 ባለአክሲዮኖች ነበሩ፤ መነሻ ገንዘባቸውም 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። አንዱ ብቻውን ባንክ ሊያቋቁም አይችልም ነበር፤ ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስራል።

ይሁንና ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ፥ አክሲዮን የገዛ ሰው ልሽጥ ሲል ገዢ ፍለጋ በወዳጅ ዘመድ በኩል ማጠያየቅ ነበረበት። መግቢያው ሰፊ፥ መውጫው ጠባብ ነበር ማለት ነው። ይህን ለማቃናት በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጣ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም፥ ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ከሀብቱ ዐሥር ከመቶ የሚሆነውን በ100 ሚሊዮን አክሲዮን ከፍሎ፥ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ለመሸጥ አቅርቦ ነበር። ለአንድ ሰው የተፈቀደው አነስተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፥ ይኸውም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን የሚያህል አክሲዮን ገዝተው ተገኙ። ከቀረበው ውስጥ የተሸጠው ከዐሥር አንድ እጅ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ይህን ያዩ አንዳንዶች «ሕዝቡ አልነቃም» አሉ። እኛ ግን የሌላውም ወገን ሐሳብ ይታየናል። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መውጫውን መጠየቁ የድንቁርና ምልክት አይደለም።

እንግዲህ ወጣቱ ድርሻ ይግዛ ወይስ አይግዛ? የኛ መልስ፥ ጠይቆ ይግዛ የሚል ነው። የሚገዛበትን ምክንያት እናስቀድም።

አንደኛ፥ ገንዘብ በሣጥን ሲቀመጥ አርፎ አይተኛም፤ ይከሳል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የሚከፈለውን አነስተኛ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አድርጎት ነበር። የዕቃ ዋጋ ግን በ2014 ዓ.ም. በዓመት ከመቶ 30 በላይ የጨመረባቸው ወራት ነበሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ግድግዳና ጣራ ያለው ሀብት ግን ከዕቃ ዋጋ ጋር አብሮ የመውጣት ጠባይ አለው።

ሁለተኛ፥ በደሴና በኮምቦልቻ ወለድ የማይቀበሉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ለነዚህ ሰዎች በሕጋዊ ሥራ ላይ በድርሻ ገብቶ ትርፉንም ኪሳራውንም መካፈል፥ ከሃይማኖታቸው ጋር የማይጋጭ የቁጠባ መንገድ ሊሆናቸው ይችላል።

ሦስተኛውን ምክንያት ያስተማረን መከራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር ማለቂያ ሲቆዩ፥ ሱቆችና መጋዘኖች፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሳይቀር ተዘርፈዋል። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንዲት ሱቅ ውስጥ አከማችቶ የነበረ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ቀርቷል። የተለመደውም የመድን ውል የጦርነትን ጉዳት አይሸፍንም። ያው ነጋዴ ጥሪቱን ከፋፍሎ ከፊሉን በሱቁ፥ ከፊሉን በአዳማ መጋዘን፥ ከፊሉን በባንክ አክሲዮን ይዞት ቢሆን ኖሮ፥ ሐዘኑ ባይቀርም እንደገና የሚነሣበት አያጣም ነበር። የድርሻ ሀብት ትልቁ ጥቅም ባለጠጋ ማድረጉ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ከመውደቅ ማዳኑ ነው። ልብ በሉ፥ ዐሥር ድርሻ ቢገዙም ዐሥሩም በአንድ ከተማ፥ በአንድ መንገድ ዳር ከሆኑ ይህ ጥቅም የለም።

አሁን ደግሞ እርሳስ አንሥተን ሒሳብ እንሥራ። ኮምቦልቻ ላይ ዋጋው 20 ሚሊዮን ብር የሆነ ባለዐሥር ሱቅ ሕንጻ አለ እንበል። በ2,000 ድርሻ ቢከፈል አንዱ ድርሻ 10,000 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ ሱቅ በወር 15,000 ብር ቢከራይ የዓመቱ ኪራይ 1,800,000 ብር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሱቆች ግማሹን ዓመት ባዶ ቢሆኑ 180,000 ብር ይቀነሳል። ለዘበኛ፥ ለጽዳት፥ ለጥገና፥ ለሒሳብ ሠራተኛና ለግብር 620,000 ብር ቢወጣ፥ የሚቀረው አንድ ሚሊዮን ብር ነው። ለአንድ ድርሻ የሚደርሰው 500 ብር፥ ማለት ከመቶ 5 ነው። ይህም ከባንኩ ወለድ ያነሰ ነው! ታዲያ ለምን ይገዛል ቢባል፥ የሕንጻው ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ነው። የጨመረው ዋጋ ግን ድርሻው እስኪሸጥ ድረስ የወረቀት ላይ ዋጋ ነው። ገዢ ጠፍቶ አንዱ ባለድርሻ በችግር ቀን የ10,000 ብሩን ድርሻ በ7,000 ብር ቢለቀው፥ በዚያች ቀን ያጣው የስድስት ዓመት ትርፉን ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «በዓመት ከመቶ 20 ትርፍ አለው» ቢላችሁ፥ ከዚያው ሕንጻ ወጪው ሁሉ ተነሥቶ አራት ሚሊዮን ብር መገኘት አለበት ማለት ነውና፥ ከየት እንደሚገኝ ጠይቁት። ሁሉም ሱቅ ዓመቱን ሙሉ ቢከራይ እንኳ ኪራዩ ያን ግማሽ አይሞላም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከራሳችንም ላይ ደርሶ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን ማግሥት ከአራት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን ከኮምቦልቻ ወጣ ባለ ሰፈር አንዲት የወፍጮ ቤት በጋራ ገዝተን ነበር። እኩል አዋጣን፤ በአንዱ ጓደኛችን ስም አስመዘገብን፤ ሒሳቡንም በቃል ያዝን። «በኛ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?» ስንባባል የወንድማማችነት ምልክት መስሎን ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ደግ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ተበላሽቶ ለማሠሪያ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያስፈልግ ሦስቱ አዋጡ፥ ሁለቱ አላዋጡም። ካላዋጡት አንዱ እኛው ነበርን፤ የቤት ኪራይ ቀድሞን ነበርና። ታዲያ ከዚያ በኋላ ድርሻው እኩል ነው ወይስ አይደለም? የሚፈርድልን ወረቀት አልነበረም። እንዲህ ሳለን አንደኛው ጓደኛችን ሊያገባ ነውና «ድርሻዬን ስጡኝ» አለ። ስንት ነው? ማን ይገምተው? ማንስ ይግዛው? በመጨረሻ ወፍጮዋ በግማሽ ዋጋዋ ተሸጠች። ወደ ሠርጉም ከአምስታችን የሄድነው ሁለት ብቻ ነን። በገንዘቡ አላዘንንም አንልም፤ የበለጠ የምናዝነው ግን በዚህ በሠርጉ ነገር ነው።

የቱሉዝ ወፍጮ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረ፤ የኛ ወፍጮ ሁለት ዓመት አልሞላትም። የድንጋዩ ጥንካሬ አይደለም የለያቸው። እነዚያ መዝገብ ነበራቸው፥ የዓመት ጉባኤ ነበራቸው፥ መውጫም ነበራቸው። እኛ የነበረን መተማመን ብቻ ነበር። መተማመን ደግሞ ለመጀመር ይበቃል እንጂ ለመጨረስ አይበቃም።

ከዚህ በመነሣት፥ ድርሻ ለመግዛት ያሰበ ወጣት ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን እንዲጠይቅ እንመክራለን።

የባለቤትነቱ ማስረጃ በማን ስም ነው? ሕንጻው በአንድ ግለሰብ ስም ተመዝግቦ ሳለ በእጃችሁ ያለው የደረሰኝ ቁራጭ ብቻ ከሆነ፥ የገዛችሁት ድርሻ ሳይሆን ተስፋ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፥ ሕንጻው ያረፈበት የሊዝ ዘመን ስንት እንደቀረውና ክፍያው ማለቅ አለማለቁም ይጠየቅ።

ሽያጩ ለሕዝብ የቀረበ ከሆነ በሕግ ተመዝግቦ ፈቃድ አግኝቷል ወይ? ለዚህ የቆመ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ካለ ዘንድ፥ አለመጠየቅ የራስ ጥፋት ነው።

መዝገቡን ማን ይይዛል? ማንስ ይመረምረዋል? አስተዳዳሪውና መርማሪው አንድ ሰው ከሆነ መርማሪ የለም ማለት ነው።

ተጨማሪ ገንዘብ ሲያስፈልግ ምን ይደረጋል? ያላዋጣው ሰው ድርሻ ይቀንሳል ወይስ ባለበት ይቆያል? ይህን ጥያቄ እኛ ዘግይተን የጠየቅነው ነው።

በመጨረሻም የሽማግሌው ጥያቄ፦ በሩ የት ነው? ልውጣ ያለ ሰው ለማን ይሸጣል? ዋጋውን ማን ይገምታል? በስንት ጊዜ ውስጥ ገንዘቡን ያገኛል? በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የጋራ ባለሀብት ድርሻውን መሸጥ እንደሚችል፥ ሌሎቹም ከባዕድ ገዢ ፊት ቀዳሚነት እንዳላቸው የተደነገገ ነው። ሕጉ መንገዱን ቢያሳይም ዋጋውንና ቀኑን የሚወስነው ግን ውላችሁ ነው።

አንዳንድ ታላላቆቻችን ይህን ሁሉ ሰምተው «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ፥ የጋራ ከሚሆን ትንሽም ቢሆን የግል ይሻላል» ይላሉ። ንግግራቸው የልምድ ንግግር ስለሆነ አናቃልለውም። ይሁን እንጂ ዛሬ የአንድ ወጣት ሠራተኛ ደመወዝ ብቻውን የት ያደርሳል? ብቻዬን ሕንጻ እስክሠራ ልጠብቅ ያለ ሰው ሽበቱ ይቀድመዋል። ደግሞስ በጋራ መሥራት የማይችል ትውልድ ትልቅ ፋብሪካ እንዴት ያቆማል? ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲ የሚወስዱት መንገዶች በሚገናኙበት በኮምቦልቻ፥ የሚጎድለው የሥራ ዓይነት ሳይሆን የተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ የለም እንዳይባል በየዕቁቡ አለ፤ በየሣጥኑ አለ። የጎደለው የሚታመን መዝገብ ነው። የተማረው ወጣት ለአገሩ የሚያበረክተው አንድ ነገር ቢኖር ይህ መሆን ነበረበት፤ ሒሳብ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ ከትንሹ እንጀምር። ዕቁብ የምንጠጣ አምስት ወይም ዐሥር ጓደኛሞች፥ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት አንድ ምሽት ተቀምጠን አንድ ገጽ ውል እንጻፍ። መግቢያውን በሁለት መስመር ጽፈን የቀረውን ገጽ ለመውጫው እንተውለት። ያን ጊዜ ከሕንጻው ጣራውም ግድግዳውም በሩም የሁላችን ይሆናል፤ ከመካከላችን አንዱ ሲያገባም ሁላችንም ሠርጉ ላይ እንገኛለን።